የዕጣኑ አገር

ደሴ አድሮ ባቲ ገበያ በጊዜ መድረስ የሚፈልግ ሰው በጨለማ ይነሳል። አክስቴ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳች። ቡና የለ፣ ቁርስ የለ፤ «ባቲ ትበላለህ፣ ተነስ» ብቻ። ስወጣ በእጄ ትንሽ የጨርቅ ቋጠሮ አስጨበጠችኝ። ፈትቼ ሳየው ዕጣን ነው፤ ግማሹ ቅርፊት፣ ግማሹ አፈር። «ባለፈው ከዚያው ከባቲ ያስመጣሁት ነው። የየት አገር ዕጣን እንደሆነ ጠይቅልኝ። ለዱዓ ተሰብስበን ወዳጃ ላይ ባጨሰው ቤቱን ላስቲክ ላስቲክ አሸተተብኝ፤ በሰው ፊት አሳፈረኝ» አለችኝ።

እኔም የምሄደው ለዚያው ነበር ማለት ይቻላል። በሥራዬ ምክንያት ስለ «ብዝሀ ሕይወት ውጤቶች ዘላቂ ንግድ» እና ስለ «ቀጣናዊ ትብብር» በሚወራባቸው አዳራሾች ብዙ ተቀምጫለሁ። ማሩ፣ ዕጣኑ፣ ከርቤው፣ የመድኃኒት ዕፁ በስክሪን ላይ በቀስት ተያይዞ ይታያል። ቀስቱ ከገበሬው ይነሳና በወደብ በኩል አውሮፓ ይገባል። ቀስቱ ከሚነሳበት ቦታ ግን አንድም ቀን ቆሜ አላውቅም። ወሎዬ ሆኜ ባቲን በሰኞ ቀን አለማየቴ ደግሞ ለብቻው ያሳፍራል፤ ቅኝት በስሟ የተሰየመላት ከተማ ናት።

ሐረጎን በጉም ውስጥ ወረድን። ሹፌሩ መንገዱን በዓይኑ የሚያይ ሳይሆን በልቡ የሚያስታውስ ይመስል ነበር። ኮምቦልቻ ላይ መኪና ቀየርን፤ ስለ ኮምቦልቻ የምለው የለኝም፣ ጨለማ ነው። ከዚያ ባቲ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ይህ መንገድ ድሮ የአሰብ መንገድ ነበር፤ አሁን በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ ይገባል። ደጋን ስንደርስ ነጋ፤ ሹራቤን አወለቅኩ።

ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ሰቆጣ ተወልዶ ያደገ፣ ፍየል ሊገዛ ባቲ የሚወርድ ነው። ቋጠሮዬን አይቶ ሳይፈታው አሸተተና «ይህን የሸጠልህ ሰው አልወደደህም» አለኝ።

«ዕጣን ያውቃሉ ማለት ነው ጋሼ?»

«ሰባት በጋ መተማ ነበርኩ። የአባቴ ዛፎች ደግሞ አበርገሌ ናቸው፤ ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ።»

ከዚያ በኋላ እስክንደርስ አላቆመም፤ እኔም እንዲያቆም አልፈለግሁም። በአውራ ጣቱ ጥፍር ጉልበቱ ላይ፣ በሱሪው ጨርቅ እያሳየ አስረዳኝ። የመጀመሪያዋ ፍቅታ የጥፍር ያህል ናት። ቅርፊቱ ብቻ ይነሳል፤ እንጨቱ አይነካም። ወተቱ ይወጣል፣ ይረጋል። ጥቂት ሳምንት ጠብቆ የረጋውን መልቀም፣ ከዚያ ያችኑ ቁስል ማደስ፣ በትንሹም ማስፋት። እንዲህ እየተባለ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ይሠራል። «ስንት ጊዜ ያደሙታል?» ብለው፣ «ስምንትም ይሆናል አሥርም። የቸኮለ ሰው ግን መቁጠር ያቆማል» አለኝ።

«አባቴ ዛፉን ያሳርፈው ነበር» አለ ቀጥሎ። «ሁለት ዓመት ካደማው አንድ ዓመት ይተወዋል። እኛ መተማ ስንሄድ ግን ዛፉ የእኛ አይደል፣ መሬቱ የእኛ አይደል። የሚከፈለን በኪሎ ነው። ለማሳረፍ የሚከፍል ማን አለ?»

አዳራሽ ውስጥ ይህን ጥያቄ «የማበረታቻ ሥርዓት ክፍተት» ይሉታል። የሰውዬው አባባል ይሻላል።

ከተናገረው ሁሉ ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን ሌላ ነው። «እዚያ ጫካ ልጅ ዛፍ የለም» አለኝ። «ሁሉም ሽማግሌ ነው። ዘሩ ይወድቃል፣ ቢበቅልም እሳት ይበላዋል፣ ከእሳት የተረፈውን ከብት።» እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ያሉ የዕጣን ደኖችን ቆጥሮ የደረሰበት ይኸው ነው፤ በአብዛኞቹ ደኖች ለአሥርተ ዓመታት አዲስ ዛፍ አልተተካም። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለም የዕጣኑ ምርት በሃያ ዓመት ውስጥ በ50 በመቶ እንደሚቀንስ ተንብዮአል። ከዚያ ቀደም ኤርትራ ውስጥ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ አብዝቶ የሚደማ ዛፍ የሚያፈራው ዘር ካልደማው ዛፍ ዘር ይልቅ የመብቀል አቅሙ እጅግ ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ሰውዬው ሁለቱንም አላነበበም። ሰባት በጋ በእግሩ ዞሮታል።

ባቲ ሙቀቷ እንደ ምድጃ አፍ ነው። ገበያው ከከተማው ዳር፣ ሰፊ ሜዳ ላይ ነው፤ ግመሉ ለብቻ፣ ፍየሉ ለብቻ፣ እህሉ ለብቻ። ጊሌ ቢላዋውን ወገቡ ላይ የታጠቀ አፋር፣ ከደጋው በአህያ የወረደ አማራ፣ ባለአገሩ ኦሮሞ፣ ሁሉም ጮክ ብሎ ይነጋገራል። ጠብ መሰለኝ፤ ለካ ዋጋ ነው። አንድ የግመል ደላላ ቆሜ አየሁት። በአፋርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይከራከርና በአማርኛ ይምላል። ሻጩ የገዢውን ቋንቋ አያውቅም፤ ሁለቱም ግን ደላላውን ያውቁታል፤ ግመሉ ነገ ቢታመም ወይም የሌባ ሆኖ ቢገኝ የማን በር እንደሚንኳኳ ያውቃሉ። ማኅተም የለ፣ ሰነድ የለ። ትብብር የሚባለውን ነገር በዓይኔ አየሁት ካልኩ እዚያች ጥግ ላይ ነው፤ ግመሉ ባይገዛም። (አልተገዛም። ገዢው ጥርሱን አይቶ ሄደ።)

የዕጣን ሻጮቹን ለማግኘት አፍንጫ ይበቃል። አደስ፣ አሪቲ፣ ከርቤ፣ ሰንደል ከፊታቸው ዘርግተው በጥላ ስር ተቀምጠዋል። በዕድሜ ከሁሉም የገፉት ዘንድ ሄጄ ሰላምታዬን ካደረስኩ በኋላ ቋጠሮውን ፈታሁ።

«እማማ፣ ይህ የየት አገር ዕጣን ነው?»

አንዷን አንስተው በጣታቸው ፈረከሱ፣ አሸተቱ፣ መለሱልኝ። «ይህ ዕጣን አይደለም ልጄ። የዕጣን ጎረቤት ነው።»

ከጎናቸው ያሉት ሴቶች ሳቁ። እኔም ከመሳቅ በቀር ምን አደርጋለሁ። ከዚያ ግን እማማ ቁም ነገር ጀመሩ። አንድ ጣሳ ዕጣን ሰፌድ ላይ ገልብጠው መልቀም ያዙ። ጣታቸው ሳያዩት ያውቃል። ነጩና ትልልቁ ወደ ቀኝ፣ ቢጫ የሆነው መሃል፣ ቅርፊት የያዘውና ጥቁሩ ወደ ግራ፣ ደቃቁ ሰፌዱ ላይ ቀረ። ላኪዎቹ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ደረጃ የሚያወጡለት ይህንኑ ነው። አንዷን ነጭ ፍሬ አፋቸው ውስጥ ጣል አድርገው ጥቂት አኘኩና በጥርሳቸው መሃል አሳዩኝ፤ ወተት የመሰለ ነጭ ሆናለች፣ አልተበተነችም። «ዕጣን ይያያዛል። ያንተው ይበተናል። ፍረድ እንግዲህ።»

«ይህ ጥሩውስ የየት ነው?»

«የመተማ።»

«ይህኛውስ?» መሃለኛውን ማለቴ ነው።

«እሱም የመተማ።»

«የአበርገሌ አይመጣም?»

«ይመጣል እንጂ! ከዚሁ ውስጥ አለ። ግን ሰው የሚጠይቀኝ የመተማን ነው፤ እኔም የመተማ እላለሁ። አብሽር፣ ዕጣን አገር የለውም።»

እኔ ደግሞ የመጣሁት አገሩን ፍለጋ ነው። የዕጣኑ ነገር የሚበላሸው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ከአበርገሌ የተለቀመው ሰቆጣ ላይ ከሌላው ጋር ይደባለቃል፣ ባቲ ሲደርስ መተማ ይባላል፣ ባሕር ከተሻገረ በኋላ ደግሞ ኢትዮጵያ መባሉም ያጠራጥራል። ስሙ ከጠፋ ዛፉን ያሳረፈውና ዛፉን የገደለው አንድ ዋጋ ያገኛሉ። የሰቆጣው ሰው አባት የከሰረው በዚህ ነው። ቡናችን ይህን ቀድሞ ነቅቶበታል፤ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር ስማቸውን ባሕር ማዶ የንግድ ምልክት ለማድረግ ያደረጉት ክርክር በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ማብቂያ ዓለም ያወቀው ነበር። ዕጣን ጠበቃ አልቆመለትም።

ይህ አንድ አገር ብቻውን የሚያበጀው ነገርም አይደለም። ይኸው ዛፍ ኤርትራና ሱዳን ውስጥም አለ፤ ከርቤው ከአፋር በረሃ እስከ ሶማሌና ሰሜን ኬንያ ይዘልቃል። እኛ «ዛፉ ይረፍ» ብለን አጥብቀን ብንቆጣጠር ገዢው ድንበር ተሻግሮ ካላሳረፈው ይገዛል፤ እነሱ ቢያጠብቁ ወደ እኛ ይመጣል። ሱዳን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ጦርነቱ ከተነሳ በኋላማ የሙጫው ንግድ ምን ያህል መንገድ እንደሳተ ነጋዴዎቹ ያውቁታል። ናይሮቢ ላይ የተቀመጠ፣ ሙጫና ዕጣን አምራች የአፍሪካ አገሮችን የሚያገናኝ ኔትወርክ አለ፤ ንጋራ ይሉታል። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤም ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባዮትሬድ በሚለው ውጥኑ ተፈጥሮን ሳይጎዱ፣ ጥቅሙንም ከባለቤቱ ጋር ተካፍሎ መነገድን ይሰብካል። የወረቀት ችግር የለብንም ለማለት ያህል ነው። ከጄኔቲክ ሀብት የሚገኘውን ጥቅም በፍትሕ ስለመካፈል የሚደነግገው ዓለም አቀፉ የናጎያ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ ከመዋሉ ከብዙ ዓመት በፊት እኛ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን፣ ማለትም አግኝቶ የመጠቀምን ነገር፣ የሚገዛ አዋጅ ነበረን፤ ቁጥር 482/1998። በጤፍ የደረሰብን ግን ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል ተፈረመ፤ በውሉ የታሰበው ጥቅም ሳይመጣ ቀረ፣ በጤፍ ዱቄት ላይ የተያዘው የባለቤትነት መብትም ሆላንድ ውስጥ በፍርድ ቤት እስኪሻር እ.ኤ.አ. 2018 ደረሰ።

ይህን ሁሉ ለእማማ አላወራሁም። እሳቸው ይልቅ ሌላ ነገር አሳዩኝ። ከሁሉ ውድ የሆነው፣ በትንሽ ብልቃጥ ለብቻው ያስቀመጡት ሉባንጃ ነው። «ይህ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እውነታቸውን ነው፤ ስሙ ራሱ ከዐረብኛው «ሉባን ጃዊ» ጋር አንድ ነው፣ የጃቫ ዕጣን ማለት። የዕጣን አገር ሰዎች ሆነን፣ ዱዓ የሚያደርጉት እናቶች፣ ዱበርቲዎች፣ በክብር የሚያጨሱት በጃቫ ስም የሚጠራውን ነው። ጃቫ ስሟን ይዛ ባቲ ድረስ መጥታለች፤ አበርገሌ ባቲ ስትደርስ ስሟን ጣለች።

ግማሽ ኪሎ ነጩን ለአክስቴ፣ ትንሽ አደስም ገዛሁ። ከዚያው ብመለስ መልካም ነበር። ወደ መኪናው ስሄድ አንድ ወጣት «የላስታ የመንተሴ ማር» ብሎ አስቆመኝ። መንተሴ ላስታና ዋግ ላይ ክረምቱ ሲወጣ የምታብብ ቁጥቋጦ ናት፤ ማሯ ነጭ ነው፣ ቶሎም ይረጋል። የረጋ ማር ስኳር አለበት የሚሉ አሉ፤ ስህተት ነው፣ ደህና ማር ይረጋል። ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ። ስለማውቅም ነው የተታለልኩት፤ ነጭና የረጋ መሆኑን አይቼ ጥያቄ ሳልጨምር ከፈልኩ። ደሴ ስገባ ከላይ ውኃ፣ ከታች ስኳር ሆኖ ለሁለት ተከፍሏል። አክስቴ በማንኪያ ነካ አድርጋ ምንም አላለችም፤ ይህ ከቁጣዋ ይከፋል። ኢትዮጵያ በማር ከአፍሪካ ቀዳሚ መሆኗን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ማሯን ወደ አውሮፓ ኅብረት እንድትልክ የተፈቀደላት መሆኑን ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ማታ ቡና ተፈላ። አክስቴ ዕጣኑን መሶብ ክዳን ላይ ዘርግታ ልክ እንደ እማማ ለቀመችው፤ ጥቂቱን ነጭ በብርጭቆ ለወዳጃ፣ የቀረውን ለአዘቦት። አንድ ፍሬ ፍሙ ላይ ጣል አደረገች። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣና ጣሪያው ላይ ተዘረጋ።

«የየት ነው አለችህ?»

«የመተማ ነው ይላሉ። የአበርገሌም አለበት።»

«የቱ ነው የአበርገሌው?»

አላውቅም አልኳት። የነጠላዋን ጫፍ አውለብልባ ጭሱን ወደ ራሷ ሳበችና ዓይኗን ጨፈነች።

«ይኸኛው የአበርገሌ ነው» አለች።

አበርገሌን በሕይወቷ አይታ አታውቅም።