ሰኔ ሲመጣ ቡድኔ ይበተናል

ነገ የማሠለጥነው የኮሌጅ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ተመራቂዎች ሽኝት ነው። ሁለቱ የመሐል ተከላካዮቼ፣ በረኛዬ፣ አምበሏ፣ በግራ መስመር ሳይደክማት የምትመላለሰው ልጅ፣ ሁሉም አብረው ይሄዳሉ። በክለብ ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር የሚመጣው ቡድኑ ሲፈርስ ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ ግን ሰኔ በመጣ ቁጥር ነው። አንዲት ልጅ እኛ ጋ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ዓመት ትቆያለች። የመጀመሪያውን ዓመት ኳስ ማቆምና ማቀበል ስትማር ትጨርሰዋለች፤ በመጨረሻው ዓመት ደግሞ ለተግባር ልምምድ እየወጣች ግማሹን ጊዜ አትገኝም። ለእኔ የምትተርፈኝ መሐሏ ናት።

ሰው ሲያገኘኝ «ያለ በጀት የሴቶች ቡድን እንዴት አቆማችሁ?» ይለኛል፤ ስለ ኳስና ስለ ታኬታ እንዳወራለት ነው የሚጠብቀው። እሱም ችግር ነው፤ አልክደውም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን በየመስከረሙ ከዜሮ መጀመሩ ነበር። ዛሬ ማታ መጻፍ የፈለግሁት ስለዚያ ነው።

የዕቃውን ነገር አስቀድሜ ልጨርሰው። ስንጀምር ማሊያችን ወንዶቹ የተዉት ነበር፤ ትከሻው ክርን ላይ ይደርሳል። ኳሶቹ አየር አይቋጥሩም፤ ልምምድ ባለ ቀን አንዷ ልጅ ቀደም ብላ መናኸሪያው አካባቢ ወዳለው ጎሚስታ ትወስዳቸዋለች፤ ሰውየው አንድም ቀን ገንዘብ ተቀብሎን አያውቅም። ታኬታ የሚሰፋልን ሊስትሮም አለን። ታኬታ ያላቸው ልጆች ከግማሽ አይበልጡም ነበርና ተጫዋች ስንቀይር የምትወጣዋ መስመሩ ዳር ቁጭ ብላ ክሩን ትፈታለች፤ የምትገባዋ አጠገቧ እግሯን ዘርግታ ትጠብቃለች። ታኬታው 39፣ እግሯ 36 ከሆነ ጫፉ ላይ የተጠቀለለ ካልሲ ይገባበታል። ዳኛው ሰዓቱን ያያል፣ ተመልካቹ ይስቃል። ልጆቹ ቀና ብለው እንኳ አያዩም፤ ክሩን ሁለት ጊዜ አዙረው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ያስሩታል። ይህ ቡድን እንደሚቆም ያመንኩት ያን እያየሁ ነው።

ከኮሌጁ መጀመሪያ የጠየቅነው ገንዘብ አልነበረም። ለስፖርት የሚመደበው ትንሽ እንደሆነ፣ ያችም ትንሽ ወደ ወንዶቹ ቡድን እንደምትሄድ እናውቃለን። የጠየቅነው ሰዓት ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከ11 ሰዓት ጀምሮ፣ ቅዳሜ ደግሞ ጠዋት ሜዳው የሴቶቹ እንዲሆን፤ ይኸውም ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ። ወጪ የሌለው ጥያቄ ስለሆነ እምቢ ለማለት አይመችም። ያ ወረቀት ከብዙ ኳስ በላይ ጠቅሞናል። ሜዳው ላይ ወንዶች ሲገኙ አምበሏ ስልኳን አውጥታ የወረቀቱን ፎቶ ታሳያቸዋለች፤ ሳትጮህ፣ ሳትጣላ። ልጆች ሜዳው ላይ ያሉት በሰው በጎ ፈቃድ እንደሆነ ከተሰማቸው ሌላው በመጣ ቁጥር ዕቃቸውን ሰብስበው ይወጣሉ፤ በዚህ ምክንያት ብቻ የቀረ ቡድን አይቻለሁ።

11 ሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ ቀላል ሰዓት አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነፋሱ ይነሣል፣ ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ውርጩ አለ። ልጆቹ ጋቢ ደርበው ይመጣሉ። ማሟሟቂያው ረዘም ካላለ ጡንቻ ይጎዳል፤ ስለዚህ ከልምምዱ ጊዜ ብዙውን ለእሱ እንሰጣለን። ከፍታው ግን ለእኛም ያግዘናል። ከቆላ የሚመጣ ቡድን ብዙም ሳይቆይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ አየሩ ስስ ስለሆነም ረጅም ኳስ ካሰቡት በላይ ይርቅባቸዋል። መከራው እኛ ስንወርድ ነው። ጣርማበርን አልፈን፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ተጠማዝዘን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ወርዷል፤ መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በጋቢ የተሳፈረች ልጅ ስትወርድ ላብ በላብ ናት። እዚያ ስንጫወት ከዕረፍት በፊት ሩጫ እንቀንሳለን፤ ኳሷን በአጭር በአጭሩ እየተቀባበልን እናቆያታለን፣ ልጆቹም ሳይጠማቸው ይጠጣሉ። መንገድ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ ደግሞ ይህም የለም፤ እርስ በርሳችን ለሁለት ተከፍለን እንጫወታለን።

ጾምን ያላሰበ የልምምድ ፕሮግራም እዚህ አገር አይሠራም። አብዛኞቹ ልጆቼ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፤ ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ እስከ 9 ሰዓት ውኃ የማይቀምሱም አሉ። ማክሰኞና ሐሙስን የመረጥነው ለዚህ ነው። በዓቢይ ጾም ከባዱን ሩጫ ትተን የቆመ ኳስ እንሠራለን፤ የማዕዘን ምት፣ የቅጣት ምት፣ አቋቋም። ከይፋት በኩል የመጡት ሙስሊም ልጆቻችን ረመዳንን ሲይዙም እንዲሁ ነው። ከእነሱ አንዷ ሒጃቧን ሳታወልቅ መጫወት ይፈቀድላት እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። የእግር ኳስ ሕግ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ቦርድ የራስ መሸፈኛን በ2014 እ.ኤ.አ. ፈቅዷል፤ የተጠራጠረ ዳኛ ሲገጥመንም ይህንኑ አስረድተነው አልፈናል። ልጅቷ ከቁምጣዋ ሥር ረጅም ሱሪ ለብሳ ቀኝ ተከላካያችን ሆነች፤ በእሷ በኩል ማለፍ ለማንም ቀላል አልነበረም።

የምንጠጣው በሶ ነው። ገብስ የሚበቅልበት አገር ልጆች ስለሆኑ ከመንዝም ከአንኮበርም ስንቅ ሲመጣላቸው እያንዳንዷ ከድርሻዋ አንድ ብርጭቆ ቆርቆሮው ውስጥ ትጨምራለች። ልምምድ ሲያልቅ በስኳር በጥብጠን በዙር እንጠጣለን፤ ማር ያገኘን ዕለት በማር። ለዚህ የሚተካ ነገር ገንዘብ ቢኖረኝም አልፈልግም።

ከቤተሰብ ጋር ያለው ሥራ ከሜዳው ሥራ አያንስም። አንድ አባት መንዝ ካለችው ከመሐል ሜዳ ከተማ ድረስ መጥተው ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ።

«መምህርት፣ እኔ ልጄን የላክኋት ለትምህርት ነው። እግሯ ቢሰበር ማን ይጦራታል?»

«እውነትዎን ነው አባቴ። እስከ ቅዳሜ ይቆዩና አይተዋት ይወስኑ» አልኳቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ዱላቸውን ተደግፈው መስመሩ ዳር ቆሙ፤ እስኪያልቅ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ሲያበቃ «ያቺ አጭሯ ልጅ ትገፋብኛለች፤ ዳኛው አያይም እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ትምህርቷን ጠየቁኝ። ውጤቷ ከቀነሰ ከቡድኑ የማስወጣት እኔ ራሴ እንደሆንኩ ቃል ሰጠኋቸው። ይህን ቃል ለሁሉም ቤተሰብ እሰጣለሁ፤ ፈተና ሲቀርብም የቅዳሜውን ልምምድ አስቀርተን ላይብረሪ አብረን እንቀመጣለን። የአከራዮቹም ነገር አለ። ብዙዎቹ ልጆች ከተማው ውስጥ ቤት ተከራይተው ነው የሚኖሩት፤ በር በጊዜ ይዘጋል፣ ያመሸች ልጅ ስሟ ይነሣል። ስለዚህ በየሰፈራቸው ተቧድነው ነው የሚመለሱት፤ ከእነሱ ታላቋ ቀድማ ትደውላለች፦ «እትዬ፣ ልምምድ ላይ ነን፤ ሁላችንም አብረን ነው የምንመጣው።» ሌሊቱን በጨለማ ብቻዋን የሄደች ልጅ የለችንም። ይህን ያህል በቁም ነገር የምጽፈው አንዲት ልጅ እንኳ አንድ ምሽት ክፉ ቢገጥማት ቡድኑ በማግስቱ እንደሚዘጋ ስለማውቅ ነው።

በዚህ መሐል ስለ አሜሪካ ኮሌጆች አነበብኩ። እዚያ በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የትምህርት ተቋም በፆታ እንዳያዳላ ከለከለ፤ ለሴት ተማሪዎች ስፖርት በር የተከፈተው በእሱ ነው። የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን በ1979 ሲጀምር አሰልጣኙ አንሰን ዶራንስ የወንዶቹንም ቡድን ደርቦ ያሠለጥን ነበር። እስከ 2024 ቆየ፤ የአገሪቱ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር በሆነው በኤንሲኤኤ ውድድር ብቻ 21 ዋንጫ ወሰደ። ሰው ዋንጫውን ይቆጥራል፤ እኔ ደጋግሜ ያሰብኩት 45 ዓመቱን ነው። እዚያም ተጫዋች ተመርቃ ትሄዳለች፤ ሰውየው ግን የሚያውቀውን ሁሉ ይዞ እዚያው ነበር። እኔ ያን ያህል እንደምቆይ ማን ያውቃል? ዝውውር አለ፣ የኃላፊ መቀያየር አለ፣ ሕመም አለ። ቡድኑ የሚያውቀው ነገር ከእኔ ጋር የሚሄድ ከሆነ ምን ሠራሁ?

መዝገቡ የመጣው ከዚህ ሐሳብ ነው። ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ሱቅ የሚሸጥ ተራ መዝገብ ነው። እኔ አንድ ገጽ አልጻፍኩበትም፤ ሁሉም የልጆቹ እጅ ጽሑፍ ነው። የየታኬታው ቁጥርና ለማን እንደተሰጠ አለበት። የጎሚስታው ስልክ አለ። ሸዋ ሮቢት ላይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ የትኛውን በር እንደምትወጋ ተስሎ አለ። የማዕዘን ምቶቻችን በቀስት ተሥለው አሉ፤ አንዱ ላይ በሌላ እስክሪብቶ «ነፋስ ካለ አይሠራም» ተብሎ ተጨምሮበታል። የመጀመሪያ ዕርዳታ ቦርሳው ውስጥ ምን ምን መኖር እንዳለበት ሲዘረዝሩ፦ «ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ሞዴስ። ሞዴስ የፈለገች ሳትጠይቅ ትውሰድ።» ከዚያ በታች፦ «አዲስ ልጅ ስትመጣ አትሳቁባት። ኳስ ነክታ የማታውቅ ከሆነ ከታላቋ ጋር አሰልፏት።» አንዷ ጀማሪ ስትመጣ አንድ ታላቅ ይሰጣታል፤ የቦታዋን ሥራ የምትማረው ከእሷ ነው፣ እኔ የማስተካክለው ከዚያ በኋላ ነው። መዝገቡ ሰኔ ላይ ከተመራቂዋ አምበል ወደ ተተኪዋ ያልፋል።

አምና ግማሹ ቡድን ተመርቆ ሄደ። በበጋው ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ስንጫወት የማዕዘን ምት አገኘን። በአጭሩ ተቀበሉ፣ ወደ ኋላ መለሱት፣ ከዚያ ወደ ሩቁ ቋሚ። ያን ኳስ ያሻገረችውን ልጅ እኔ አላሠለጠንኳትም፤ ከሄደችው ታላቋ ነው የወሰደችው። ግብ ሆነ፤ ዋንጫውም የእኛ ሆነ። ሜዳው ዳር ቆሜ አለቀስኩ።

ልጆቹ ስልካቸው ላይ የሎዛ አበራን ፎቶ ያደርጋሉ፤ ከዱራሜ ተነሥታ ማልታ ድረስ ሄዳ ተጫውታለች። የንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን በ2024 እ.ኤ.አ. ለአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ሲያልፍ አብረን ጮኸናል። ከእኔ ልጆች አንዷ ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲዎቹ ውስጥ ብትገባ ደስታዬን አልችለውም። አብዛኞቹ ግን ወደ ወረዳ ነው የሚሄዱት፤ ሥራ ይይዛሉ፣ ትዳር ይይዛሉ። ኳሱ እዚያ ድረስ ካልሄደ በአራት ዓመቱ ያልቃል።

ባለፈው ሳምንት ግሼ ተመድባ የምታስተምር የቀድሞ አማካያችን ደወለችልኝ።

«ቲቸር፣ ሴት ተማሪዎች ሰብስቤያለሁ። ሜዳው ግን ተዳፋት ነው፤ ልጆቹም ለሁለት ቡድን አይሞሉም።»

«ሰባት ሰባት አድርገሽ አጫውቻቸው። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 40 ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ በእርምጃሽ ለኪው። ሜዳውን ወደ ጎን አዙሪው፤ ሁለቱም በር እኩል ከፍታ ላይ ይሁን፣ አለበለዚያ ሽቅብ የምትጫወተዋ ሁሌ ትሸነፋለች።»

«እሺ። ኳስ አንድ አለን።»

«ሰዓቱንስ ጽፈው ሰጡሽ?»

«ርዕሰ መምህሩ በቃል ፈቅደውልኛል።»

«በቃል አይሆንም። ነገ ጠዋት ራስሽ ጽፈሽ ግቢ፤ አስፈርሚያቸው፣ ማኅተምም አስደርጊበት።»

ዛሬ የወረቀቱን ፎቶ ላከችልኝ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 ሰዓት ጀምሮ የሴቶች እግር ኳስ ይላል። አንድ ኳስ ግን አይበቃትም። ከአሮጌዎቹ ሁለቱን ለሊስትሮው ሰጥቻለሁ፤ እስከ ቅዳሜ ሰፍቶ ከጨረሰልኝ ወደ ግሼ በሚሄደው መኪና እልክላታለሁ።