አርቪ ሲአርቪን ስትጎትት

ይሄን ጉድ እኔ ለሰው መናገር አልፈልግም ነበር፣ ግን ባለቤቴ በየልደቱና በየክርስትናው እያወራችው ስለሆነ ቢያንስ ትክክለኛውን ከኔ አፍ ስሙት ብዬ ነው።

ኳሱ ዳላስ የነበረ ጊዜ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ከተማ እየቀያየረ በጁላይ መጀመሪያ የሚካሄደው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የእግር ኳስ ውድድር፣ ኳሱን የሚያየው ጥቂት ሰው ሆኖ ሌላው ክትፎ የሚበላበትና የድሮ የክፍል ጓደኛውን የሚፈልግበት። እኛ የምንኖረው ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ነው። የአምስት ሰው የአውሮፕላን ትኬት አየሁ፣ ሆቴሉን አየሁ፣ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። ደጃፌ ላይ ደግሞ በርካሽ አገኘሁ ብዬ የገዛኋት አሮጌ አርቪ ቆማለች፣ ከገዛኋት ጀምሮ የጎረቤት ስሞታ ከመሰብሰብ በቀር ምንም አልሰራችም። በቃ በሷ ነው የምንሄደው አልኩ።

አርቪ ለማታውቁ፣ ጎማ ያለው ቤት ማለት ነው፣ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ሽንት ቤት አለው። የኛዋ 30 ጫማ ትረዝማለች፣ እና እሷን ይዘህ ዳላስ ውስጥ ሐበሻ ምግብ ቤት በር ላይ ፓርክ ላርግ ብትል ከነቤተሰብህ እዛው መንገድ ላይ ነው የምታድረው። ስለዚህ ሰዉ ምን ያደርጋል፣ ትንሽ መኪናውን ከኋላ አስሮ ይዞ ይሄዳል። ጡረታ የወጡ አሜሪካኖች እንደዛ ሲሄዱ አይታችኋል መቼም፣ ከፊት ቤቱ፣ ከኋላ በአራቱም ጎማዋ መሬት ላይ የምትሮጥ መኪና፣ ሹፌር የላትም ሞተሯ ጠፍቷል መሪዋ ብቻውን ይዞራል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን አማትቤያለሁ።

እኔ ያለችኝ ሆንዳ ሲአርቪ ናት። አንድ ጓደኛዬም ሲአርቪ አለው፣ ቀለሟ ሳይቀር አንድ ነው፣ እሱ ደግሞ የሱን ላስ ቬጋስ ድረስ ጎትቶ ወስዶ መልሷል። ስጠይቀው "ባክህ ምንም የለውም" ብሎ አስተማረኝ፦ ሞተር ታስነሳለህ፣ ፍሬን ይዘህ ማርሹን በሁሉም ቦታ ታሳልፈዋለህ፣ ዲ (ወደ ፊት መሄጃው) ላይ 5 ሰከንድ፣ ከዛ ኒውትራል (ባዶ ማርሽ)፣ ኒውትራል ላይ 3 ደቂቃ ይስራ፣ ታጠፋዋለህ፣ መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉን አንደኛው ላይ ትተወዋለህ፣ የእጅ ፍሬን ትለቃለህ፣ ከ65 ማይል በላይ እንዳትነዳ፣ አለቀ። እኔም እንደ ዳዊት በቃሌ ያዝኩት። የመጎተቻ ብረቱንም እሱ ራሱ በ400 ዶላር ሸጠልኝ።

ብረቱን ልንገጥም መኪናዋ ስር ገባን። አይገጥምም። ቀዳዳውና ቀዳዳው በአንድ ጣት ስፋት ተሳሳቱ። እንግዲህ መባነን የነበረብን እዚህ ላይ ነው! ሁለት አንድ ዓይነት መኪና፣ አንዷ ላይ የኖረ ብረት ሌላኛዋን እምቢ ሲላት ሰው ለምን ብሎ ይጠይቃል። ጓደኛዬ "ምናልባት የኔ ተጣሞ ይሆናል" አለና ዲሪል አመጣ። ቀዳዳውን አሰፋነው።

ይሄ ሁሉ ሲሆን የባለቤቴ አባት ጋሼ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን እየጠጡ ያዩናል። ሊጠይቁን ከኮምቦልቻ የመጡ ናቸው። በጉልበታቸው ዘመን የአሰብ መስመር ሹፌር ነበሩ፣ ፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው፣ በባቲ በሚሌ አድርገው አሰብ ወርደው ጭነው የሚመለሱ። ብርጭቋቸውን አስቀመጡና፦

"አንተ ልጅ፣ ይቺን ነው በአራት እግሯ የምትጎትታት?"

"አዎ ጋሼ።"

"ሞተሯ ጠፍቶ?"

"አዎ።"

"ተሳቢ ማለት ሞተር የሌለው ነው። ሞተር ያለው ተሳቢ አላውቅም።" ከዛ ትንሽ ዝም ብለው፣ "እኛ መኪና ሲበላሽብን ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ ሳንፈታ አንጎትትም ነበር። ካምቢዮ ይበላል።" ካምቢዮ የሚሉት ማርሽ የሚቀያይረውን፣ የሞተሩን ጉልበት ለጎማ የሚያቀብለውን ክፍል ነው።

እኔ ምን አልኩ? አሁን ሳስበው ፊቴን ነው የሚያቃጥለኝ። "ጋሼ እሱ የድሮ መኪና ነው፣ ይሄ አውቶማቲክ ነው፣ ኮምፒውተር አለው" አልኳቸው። ኮምፒውተር አለው! ጋሼ ምንም አላሉም፣ ሻያቸውን አነሱ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳን። አይ-25 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ኮሎራዶ ስፕሪንግስን ፑዌብሎን አለፍን፣ ባለቤቴ ከጎኔ ቁጭ ብላ የኋላ ካሜራውን ትጠብቃለች፣ ሲአርቪዋ እንደ ጥጃ ኩስ ኩስ እያለች ትከተላለች። ራቶን ፓስ የሚባል ዳገት አለ፣ ኮሎራዶና ኒው ሜክሲኮ ድንበር ላይ፣ ከፍታው 7,834 ጫማ፣ አርቪዋ እዛ ላይ በ35 ማይል እያቃሰተች ስትወጣ የጭነት መኪና ሁሉ እየጮኸብን ያልፈናል፣ ጋሼ ግን ከኋላ ወንበር ላይ "ጣርማ በርን መሰለኝ" እያሉ ደስታቸው ነው። ራቶን ላይ ወርጄ የሲአርቪዋን ጎማዎች በእጄ ዳበስኳቸው፣ ሙቀት የለም፣ የታሰረው እንደታሰረ ነው። ጎማ ዳበሳ ምን እንደሚነግረኝ እንጃ፣ ጡረተኞቹ ሲያደርጉ ስላየሁ ነው።

ከዛ በኋላ ያለው መንገድ ሜዳ ነው፣ ሜዳ በሜዳ። ክሌይተንን አልፈን ቴክሳስ ገባን፣ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ዘለለ፣ ልጆቹ ራበን አሉ። 350 ማይል ገደማ ተጉዘን ዳልሃርት የምትባል ትንሽ ከተማ ነዳጅ ልንቀዳ ቆምን።

በር ስንከፍት ሽታ። ዳልሃርት አካባቢ ከብት ማድለቢያ በሽ ነው፣ ነፋሱ ሲመጣ ከነሙሉ በረቱ ነው የሚመጣው። ባለቤቴ አፍንጫዋን ይዛ፦

"የሆነ ነገር እየተቃጠለ ነው።"

"የከብት ሽታ ነው" አልኳት በሙሉ ልብ።

ጋሼ ወረዱ፣ ቆመው ሁለት ጊዜ ሳብ አደረጉ፦ "ከብቱ ተቃጥሎ ካልሆነ።"

አሁንም አልባነንኩም። እንደውም ለምሳ ወደ ከተማ እንግባ፣ ትንሿ መኪና የተጎተተችው ለዚህ አይደል ብዬ በኩራት ፈታኋት፣ ቤተሰቡን በሙሉ ጫንኩና ሞተር አስነሳሁ። ወዲያው ነው የተነሳችው፣ እሰይ። ዲ አስገባሁ። ነዳጅ ሰጠሁ። ሞተሯ ዓዓዓ ብላ ትጮኻለች፣ መኪናዋ ቆማ ታስባለች። ትንሽ ጨመርኩላት፣ ከስር ሙቀጫ ውስጥ ጠጠር የሚወቀጥ የሚመስል ድምፅ መጣ፣ ግማሽ ሜትር እንደ ሰካራም ተንገዳግዳ ሄደችና ቆመች። በቃ። ሪቨርስ ብል የለም፣ ተመልሼ ዲ ብል የለም። ትንሹ ልጄ ከኋላ "ዳዲ፣ ኒውትራል ላይ ነው?" ይለኛል። ምነው በሆነ!

ጋሼ ወረዱ። ኮታቸውን አወለቁ፣ አጥፈው ለልጃቸው ሰጡ፣ በዛ እሳት በሚተፋ አስፋልት ላይ በጀርባቸው ተኝተው ስሯ ገቡ። ጥቂት ቆይተው ወጡ፣ ጣታቸው ላይ ጥቁር ነገር አለ፣ አሸተቱት፣ እኔንም አስሸተቱኝ፣ ያረረ ነገር ነው የሚሸተው፣ ከዛ ጣታቸውን ቀስ ብለው በኔ ቲሸርት ጠረጉ።

"ካምቢዮ በላህ" አሉ። ተበላ እንኳን አላሉም እኮ። በላህ።

ያኔ ነው ዳሽቦርዱን ከፍቼ የመኪናዋን መመሪያ ያወጣሁት። ከነላስቲኩ ነው ያለው፣ ስንት ዓመት ሲነዳት የኖረ ሰው እስከዛሬ አልከፈተውም። ፈልጌ ፈልጌ አገኘሁት፣ ይቺ መኪና በአራቱም ጎማዋ መሬት እየነካች ከአርቪ ኋላ አትጎተትም የሚል፣ ሕፃን ልጅ በሚገባው እንግሊዝኛ። ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ።

"ያንተ ሲአርቪ የስንት ናት?"

"የ2013፣ ምነው?"

"የኔ የ2016 ናት።"

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁሉ ነበር። "ኧረ... ያንተ ሲቪቲ ናት እንዴ?" አለኝ።

ነገሩን አሁን ነው የተማርኩት፣ 350 ማይል ዘግይቼ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይቱን ገፍቶ የሚያዞር ፓምፕ አለ፣ ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ሞተሩ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ መኪናዋ ስትጎተት ጎማው ይዞራል፣ ከጎማው ጋር የተያያዘው የካምቢዮው ብረትም አብሮ ይዞራል፣ ዘይት የሚያቀብለው ግን የለም። ምጣድ ሳያስሱ ስድስት ሰዓት ሙሉ እንጀራ መጋገር በሉት። ሆንዳ እስከ 2014 በነበሩት ሲአርቪዎች ላይ የሚያደርገው ካምቢዮ ውስጡ የማንዋል ዓይነት ጥርሳ ጥርስ ያለው ስለነበር ያቺ የ3 ደቂቃ ሥርዓት ከተደረገለት መጎተቱን ይችለዋል፣ መመሪያውም ይፈቅድ ነበር። ከ2015 ጀምሮ የመጣው ሲቪቲ ግን ሌላ ፍጥረት ነው፣ የብረት ቀበቶና ሁለት ፑሊ፣ ሕይወቱ በዘይት ግፊት ነው። አይጎተትም፣ አለቀ። እንደኔ የፊት ጎማ የሚነዳት ከሆነች ቢያንስ የፊት ጎማዎቿን የሚያነሳ ዶሊ ተከራይተህ ትጭናታለህ፣ አለዚያ ሙሉ ለሙሉ ተሳቢ ላይ ትወጣለች። ዶሊ መከራየት ውድ ነው ብዬ እኮ ነው 400 ዶላሩን ለብረት የሰጠሁት።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ የማልረሳው የሚቀጥለውን ነው። ጫኝ መኪና ጠራን፣ ሹፌሩ ጎልማሳ ሜክሲኮዊ ነው፣ እንግሊዝኛው ከኔም ይብሳል። እኔ በአሥራ ስምንት ዓመት የአሜሪካ እንግሊዝኛዬ "ትራንስሚሽን፣ ፍላት ቶዊንግ" እያልኩ እጄን አወራጫለሁ፣ ሰውዬው በትህትና ያየኛል። ጋሼ እንግሊዝኛ የሚባል ነገር አያውቁም። ገፋ አደረጉኝና መኪናዋን በጣታቸው እያሳዩ፦

"ካምቢዮ!"

ሰውዬው ፊቱ በራ። "ካምቢዮ? አ! ሎስ ካምቢዮስ!"

"ዘይት!" አሉ ጋሼ፣ እጃቸውን እያራገቡ፣ የለም ለማለት።

"አሴይቴ! ኖ አሴይቴ!"

"ፍሬን ደህና።"

"ፍሬኖ ቢየን!"

"ሞተር ደህና። ጎማ ደህና።"

"ሞቶር፣ ጎማ፣ ሲ ሲ!"

እኔና ባለቤቴ አፋችንን ከፍተን ቀረን። ጣሊያን ለኛ ጋራዥ ትቶት የሄደው ቋንቋና ስፓኒሹ ለካ የአክስት ልጅ ናቸው፣ ዘይት ደግሞ ከዓረቡ ጋር ለሁላችንም ደርሷል። ጋሼ አሜሪካ ከገቡ ሁለት ወራቸው ነው፣ ያለ አስተርጓሚ ከሰው ጋር ሲያወሩ የመጀመሪያቸው። ሰውዬው ሲአርቪዋን ጭኖ ሲጨርስ የጋቢናውን በር ከፈተላቸው፣ ጋሼም እኛን ዞር ብለው እንኳን ሳያዩ ወጡ። ከዳልሃርት አማሪሎ 80 ማይል ገደማ ነው፣ ያን ሁሉ መንገድ እኔ አርቪዋን እየነዳሁ ከኋላ ሆኜ ሁለት እጆች በየመስኮቱ ሲወራጩ ነው ያየሁት። አማሪሎ ሲወርዱ ሹፌሩ ቆቡን ሰጥቷቸዋል፣ ስለኔ አንድ ነገር ተባብለው ሁለቱም እኔን አይተው ሳቁ። ምን እንደሆነ እስካሁን አልነገሩኝም።

ጋራዡ ያለኝን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፣ በሱ ዋጋ አምስታችንም ዳላስ ደርሶ መልስ እንበር ነበር፣ ከነሆቴሉ። ኢንሹራንሱም ዋራንቲውም መመሪያው የከለከለውን አድርገሃል ብለው ሸኙኝ፣ ምን ብዬ ልከራከር። ዳላስ በአርቪዋ ገባን፣ ፓርኪንግ ያገኘነው ከስታዲየሙ እጅግ ርቆ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ በታክሲ ነው የተመላለስነው። ጋሼ ግን ሰው ባገኙ ቁጥር ቆቡን እንዳጠለቁ "የኔ አማች እኮ ካምቢዮ በላ" እያሉ ያስተዋውቁኛል፣ የማላውቀው ሰው ሁሉ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ "አይዞህ" ይለኛል። መኪናዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ አለቀች፣ ሄጄ ራሴ እየነዳሁ አመጣኋት፣ ሞተሯ እየሰራ።

በነገራችን ላይ የመጎተቻ ብረቱን እየሸጥኩት ነው። ንፁህ ነው፣ በኔ እጅ አንድ ጉዞ ብቻ ነው የሄደው። ቀዳዳው ትንሽ ሰፍቷል። የሚፈልግ ካለ የመኪናውን ዓመት አስቀድሞ ይንገረኝ፣ ጋሼም ሳያዩት አልሸጥም።