ሦስት ፐርሰንት ብቻ፣ ግን ያለቀሰችው ባለቤቴ ናት

ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ሄድኩ፣ ውትድርና ገባሁ፣ ኢራቅ ዘመትኩ። ዛሬ ተመልሼ እዚያው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው የምኖረው። ሌሊት የጎረቤት የብረት በር ሲጋጭ አሁንም ከአልጋዬ ዘልዬ እነሳለሁ። በጦርነቱ ለያዘኝ ለዚህ ጭንቀት፣ ፒቲኤስዲ ለሚሉት፣ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት 70 ፐርሰንት የጉዳት መጠን ወስኖልኛል፤ የወር ክፍያዬም የሚታሰበው በዚህ ነው።

ደም ግፊቱ የመጣው ቆይቶ ነው። ስለ እሱ ያስገባሁት የመጀመሪያው ማመልከቻ ውድቅ ሆነ። ጥፋቱ የኔ ነበር። «ደም ግፊት አለብኝ» ብዬ ብቻ ጻፍኩ። ወታደር እያለሁ ግን ግፊቴ ደህና ነበር፣ ፋይሌም ይህንኑ ይላል። መጻፍ የነበረብኝ «ግፊቱን ያመጣብኝ ቀድሞ የታወቀልኝ ጭንቀት ነው» ብዬ ነበር። የአሜሪካ ሕግ በአገልግሎት የመጣ ሕመም ሌላ ሕመም ካስከተለ ወይም ካባባሰ ሁለተኛውንም ይቀበላል።

ውሳኔው በተሰጠ በአንድ ዓመት ውስጥ አዲስ ማስረጃ ይዛችሁ ከተመለሳችሁ የመጀመሪያው የማመልከቻ ቀን አይጠፋባችሁም። እኔም ማስረጃ መሰብሰብ ጀመርኩ። ግፊት የሚረጋገጠው ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ተለክቶ ነው። ክሊኒክ ሄጄ አስለካሁ። የሌሊቱን ግን ባለቤቴ ናት የያዘችው። በልጃችን ደብተር ላይ «ሌሊት 9 ሰዓት፣ ቃዠ፣ 168/104» ብላ ጽፋለች። በድሬ ሙቀት የእጇ ላብ ቀለሙን አፍዞታል። የምታየውንም በራሷ ቃል ጽፋ ፈረመች። የቤተሰብ ምስክርነት ይቆጠራል፣ አትናቁት።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጻፈልኝ «ሊያያዝ ይችላል» የሚል ነበር። ይህ አይበቃም። ፋይሌን በሙሉ ወስጄ አስነበብኩት። አንብቦ «የመያያዙ ዕድል ቢያንስ 50 ፐርሰንት ነው» ብሎ ምክንያቱንም አብራርቶ በድጋሚ ጻፈልኝ።

ለግፊቱ 10 ፐርሰንት ተሰጠኝ። 80 የሞላልኝ መስሎኝ ነበር። ሒሳቡ ግን እንደዚያ አይደለም። አሥሩ የሚሰላው ከ70ው በተረፈው 30 ላይ ነው። ያ ሦስት ይሆናል፣ ድምሩ 73፣ እሱም ወደሚቀርበው አሥር ሲጠጋጋ 70 ይሆናል። በወር ክፍያዬ ላይ አንድ ሳንቲም አልጨመረም።

ባለቤቴ ያለቀሰችው ግን ተከፍታ አይደለም። ከአሜሪካ ውጭ ለምንኖር የቀድሞ ወታደሮች፣ በአገልግሎት ለመጣ ሕመም የሕክምናና የመድኃኒት ወጪ የሚሸፍን ፕሮግራም አለ። እስከዚያ ቀን የግፊቱን ክኒን ከልጆቹ ወጪ ቀንሳ ነበር የምትገዛልኝ። አሁን ግን ግፊቱም ስለታወቀልኝ ደረሰኙን ለፕሮግራሙ እልካለሁ። ስትገዙ የመድኃኒቱ ስምና ዋጋው ለየብቻ ይጻፍላችሁ፣ ሐኪሙም የበሽታውን ስም ያስፍርላችሁ።