ከካዝናው የጎደለው 1,500

ደመወዝ ሦስት ቀን ዘገየ። ለአንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን ምንም አይደለም፤ የቤት ኪራይ ቀኑ ለደረሰበት ሰው ግን ረጅም ነው። የጥቃቅን ወጪ ገንዘብ ያዧ ጌታን የምትወድ፣ ማለዳ ሳትጸልይ ቢሮ የማትገባ ሴት ናት። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ካዝናውን ከፍታ 1,500 አነሣች። ማዘዣ አልጻፈችም፤ ለማንም አልተናገረችም። «እግዚአብሔር ያሟላል፤ ሐሙስ ደመወዝ ሲገባ እመልሰዋለሁ» ነበር ያለችው በልቧ። ለመስረቅ አላሰበችም። ብዙ የካዝና ጉድለት እንዲህ ካለ ቅን እጅ ነው የሚጀምረው።

የጥቃቅን ወጪ ካዝና አሠራር ቀላል ነው። ቋሚ መጠን ይመደብለታል፤ በዚህ ቢሮ 10,000 ነበር። ገንዘብ በወጣ ቁጥር በምትኩ የተፈረመ የወጪ ማዘዣ ከነደረሰኙ ይገባል። ስለዚህ በማንኛውም ሰዓት ጥሬ ገንዘቡና ማዘዣዎቹ ሲደመሩ 10,000 መምጣት አለባቸው። ጥሬ ገንዘቡ ሲመናመን ማዘዣዎቹ ለሒሳብ ክፍል ይቀርቡና በድምራቸው ልክ ይተካል። «ይመለሳል» የሚባል ሐሳብ የሚደመርበት መስመር የለም።

ረቡዕ ጠዋት የጥገና ሠራተኛው ለማሽን ቀበቶ መግዣ የጸደቀ የ2,800 ማዘዣ ይዞ መጣ። ካዝናው ውስጥ መገኘት የነበረበት 3,700 ነው፤ ያለው ግን 2,200 ብቻ ነበር። «ነገ ጠዋት ብትመጣ ይሻላል» አለችው። ለምን ብሎ አልጠየቃትም። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ዋለ፤ የሚሠራበት ሰውም ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። በስውር የተወሰደው ገንዘብ መጀመሪያ የጎዳው ምንም የማያውቀውን ባልደረባ ነው።

ሐሙስም ደመወዙ አልገባም። ይልቁንም የፋይናንስ ኃላፊው ለድንገተኛ ቆጠራ መጡ። ቆጠራ ገንዘብ ያዡ ባለበት ነው የሚደረገው፤ መጨረሻ ላይም ሁለቱም ይፈርማሉ። ኖቶቹ ከትልቁ ወደ ትንሹ ተለይተው ተቆጠሩ፣ የእያንዳንዱ ብዛት ተጻፈ። ማዘዣዎቹ ተደመሩ፦ 6,300። ጥሬ ገንዘቡ 2,200። በድምሩ 8,500። ኃላፊው እንደገና ቆጠሩ። ሦስተኛውን ሊጀምሩ ሲሉ፣

«ጋሼ፣ አይቁጠሩ። እኔ ነኝ የወሰድኩት» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እግዚአብሔር ይሰጣል ብዬ ነው። ሰው መጠየቅ እምነት ማጣት መሰለኝ።»

ኃላፊው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ከፋይል መደርደሪያው አንድ ገጽ ቅጽ አውጥተው ፊቷ አስቀመጡላት። የደመወዝ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቂያ ነበር። «ይህ ሰኞም እዚሁ ነበር፣ እኅቴ» አሏት።

ብዙ አማኝ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ከሰው እጅ የመጣ እርዳታ ከእግዚአብሔር ያልመጣ ይመስለዋል። «አምላኬ የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ ይሞላባችኋል» የሚለው የተስፋ ቃል የተጻፈው በፊልጵስዩስ 4፥19 ነው፤ አንድ ቁጥር ከፍ ብሎ ግን ጳውሎስ ስጦታቸውን በአፍሮዲጡ እጅ መቀበሉን ያረጋግጥላቸዋል። «ሁሉ አለኝ» ሲል የተጠቀመበት የግሪክ ቃል በዘመኑ ሰዎች ክፍያ ሲረከቡ በደረሰኝ ላይ የሚጽፉት ነው። ሂሳብ ሠራተኛ ይህንን ክፍል ቢያነብ ደስ ሊለው ይገባል፤ የእግዚአብሔር መግቦት በሰው እጅ መጥቶ፣ ደረሰኝ ተቆርጦለት እናየዋለንና።

በ2ኛ ነገሥት 4 ያለችው ባል የሞተባት ሴትም ዕዳዋን አልደበቀችም። አበዳሪው ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መምጣቱን ለኤልሳዕ በግልጽ ነገረችው። በቤትሽ ምን አለ ብሎ ሲጠይቃት ያለውን ቆጥራ መለሰች፦ ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም። ከጎረቤቶቿ ባዶ ማድጋ የተዋሰችው ጎረቤት እያወቀ ነው። ዘይቱ ከበዛ በኋላ የተሰጣት ትእዛዝም ቅደም ተከተል አለው፦ ሽጪ፣ ዕዳሽን ክፈዪ፣ ከዚያ በተረፈው ኑሩ። ተአምሩ ሒሳቡን አላስቀረውም።

ስለ እምነት ኑሮ ሲነሣ የጆርጅ ሙለር ስም መጠራቱ አይቀርም። በ1836 በብሪስቶል የመጀመሪያውን የወላጅ አልባ ልጆች ቤት የከፈተው ይህ ሰው ለሰው የገንዘብ ልመና አያቀርብም ነበር። ይህ በየስብከቱ ይነገራል። ዕዳ አለመግባቱና በየዓመቱ የገባውንና የወጣውን ጽፎ ለሕዝብ ማሳተሙ ግን እምብዛም አይነገርም። ዝምታውን ብቻ ወስደን መዝገቡን ብንተወው የእሱን መንገድ አልያዝንም። ደግሞም የእሱ ዝምታ ለአንድ ልዩ አገልግሎት የመረጠው ነው፤ ደመወዙ የዘገየበት ሠራተኛ አለቃውን እንዳይጠይቅ የተሰጠ ሕግ አይደለም።

ሌላም አለ። ለነገ መጨነቅ ሲባል ማከማቸትን ብቻ እናስባለን፤ በዘጸአት 16 ለነገ ተብሎ ያደረው መና ተልቶ ሸተተ። የሐሙስን ደመወዝ ማክሰኞ መብላትም ግን የዚያው ጭንቀት ሌላ ፊት ነው። ያልመጣውን እንደመጣ መቁጠር እምነት ይመስላል፤ ውስጡ ግን እግዚአብሔር በሰዓቱ አይደርስም የሚል ፍርሃት አለ።

ጉድለቱ በቆጠራ ሰነዱ ላይ እንዳለ ተጻፈ፣ ሁለቱ ፈረሙበት። ኃላፊው ሊያልፉት አልወደዱም፤ ቢያልፉት ራሳቸውም ተባባሪ ይሆኑ ነበር። 1,500ው ከመጀመሪያው ደመወዟ ተመለሰ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ተሰጣት። ቁልፉን ግን አልተቀማችም፤ እውነቱን ከመጋረጃ ጀርባ ጎትተው አላወጡትምና። ከዚያ ወዲህ ማታ ካዝናውን ከመዝጋቷ በፊት ትቆጥራለች፤ የግል ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አታስቀምጥም፤ ገንዘቡ ከእጇ ከመውጣቱ በፊት ማዘዣው ይፈረማል።

ከወራት በኋላ ደመወዝ እንደገና ዘገየ። ጸለየች፤ ከዚያ የሚከፈሉትን በየቀናቸው ጻፈች። መጠበቅ የሚችለውንና የማይችለውን ለየች። ለአከራይዋ ቀኑ ሳይደርስ አምስት ቀን ቀድማ ደወለች፣ ቅጹንም ሞልታ ለኃላፊው ሰጠች። የተፈቀደላት የጠየቀችውን ግማሽ ነበር። አከራይዋ ግማሹን ተቀብለው የቀረውን ለአሥር ቀን ታገሡ። ማታ ካዝናውን ስትቆጥር ጥሬ ገንዘቡ 4,150፣ ማዘዣው 5,850 ነበር።