ሰማንያ ቀን እና አንድ አሮጌ ሌንስ

እህቴ ሴት ልጅ ወለደች። ደስታው እንዳለ ሆኖ፣ እኔ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ወንድ ቢሆን ኖሮ ክርስትናው በአርባ ቀን ነበር። ሴት ናትና ሰማንያ ቀን አለኝ። ካሜራ ለመግዛት።

የቆየ ቁጭት አለብኝ። የበኩር ልጇን ክርስትና ፎቶ ያነሳሁት በትንሿ ዲጂታል ካሜራዬ ነበር። ዙሟ 40 እጥፍ ይደርሳል። እንጦጦ ላይ ቆሜ የሰፈራችንን ሮቶ አንስቼባታለሁ። ክርስትና ቤት ውስጥ ግን ጉድ ሠራችኝ። ገና እየነጋ ነው። ያለው ብርሃን በበሩ የሚገባውና ጧፉ ብቻ። "ፍላሽ እንዳታበሪ" ተብያለሁ። ከስልሳ ምናምን ፎቶ አንድም ጥርት ያለ አልወጣም፤ ልጁ ሁሉም ላይ ጭስ መስሏል። እህቴ "ምንም አይደል" አለችኝ። ያለችበት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለዚህ በዚህኛው ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀያየር፣ ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ)፣ አለቀ።

እንደ ማንኛውም ጀማሪ መጀመሪያ ያየሁት ሜጋፒክሰል ነው። የድሮዋ 20 አላት። ዓይኔን የጣልኩበት ኒኮን ዲ3500 ደግሞ 24። ለአራት ሜጋፒክሰል ነው ይህን ሁሉ ብር የማፈሰው? ኋላ ነው ልዩነቱ ሌላ ቦታ እንደሆነ የገባኝ። የትንሿ ካሜራ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ያንሳል። የዲ3500 ግን 23.5 በ15.6 ነው። በስፋት 13 እጥፍ ማለት ነው። ዝናብን በስኒ መቀበልና በሳፋ መቀበል በሉት።

ዲ3500ን ልገዛው ምንም አልቀረኝም። ባትሪና ካርድ ገብቶበት እንኳ 415 ግራም ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ይረሳል። ያዳነኝ ጋሼ ነው።

ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ፒያሳ ፎቶ ቤት ብዙ ዓመት ሠርቷል። ፊልም ሲያጥብ እጁ የመድኃኒት ሽታ እንደነበረው እናቴ ታወራለች። ከቁም ሳጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለች 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አወጣልኝ። ኤኤፍ ኒኮር፣ 1.8። (ይህ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል።) "ካሜራው ሞቷል፣ እሷ ግን አለች። ወስደሽ ሞክሪያት" አለኝ።

ይዣት ወደ አንድ ካሜራ መሸጫ ሄድኩ። ዲ3500 ላይ ገጠመች። ኤፍ የሚባለው የኒኮን የሌንስ መግጠሚያ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሠረቱ አልተቀየረም። ግን ፎከስ አላደርግም አለች። ሻጩ አገላበጣትና "ተበላሽታለች፣ ሌላ ግዢ" አለኝ። ምንም አልተበላሸችም ነበር። የዚያ ዘመን ሌንሶች የራሳቸው ሞተር የላቸውም፤ የሚያሽከረክራቸው ካሜራው ውስጥ ያለ ሞተር ነው። ትንንሾቹ፣ እነ ዲ3500 እና ዲ5600፣ ያ ሞተር የላቸውም። ዲ7100 እና ዲ7200 አላቸው። ይህን ያወቅኩት ተናድጄ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ለአንዲት አሮጌ ሌንስ ብለሽ ካሜራ ትቀይሪያለሽ ወይ? አዎ፣ ምክንያቱም ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ሌንስ ዙሙ መጨረሻ ላይ የሚከፈተው እስከ 5.6 ብቻ ነው። የጋሼዋ 1.8 ትከፈታለች። ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ታስገባለች ማለት ነው። ክርስትና ቤት ውስጥ ያኛው 1/10 ሰከንድ ሲፈልግ ይቺ በ1/100 ትጨርሳለች። በ1/10 ሰከንድ ውስጥ ሕፃን ተወራጭቶ፣ አልቅሶ፣ የእኔም እጅ ተንቀጥቅጦ ያልቃል።

አንድ ጓደኛዬ "ዲኤስኤልአር አብቅቶለታል፣ ሚረርለስ ግዢ" ብሎ ሙጭጭ አለብኝ፤ መስታወት የሌለውን አዲሱን ዓይነት ማለቱ ነው። አልተሳሳተም፣ ካኖንም ኒኮንም ፊታቸውን ወደዚያ አዙረዋል። ለእኔ ግን ይሄ የምሥራች ነው። ሰው ወደ ሚረርለስ ሲሄድ የሚሸጠውን ነው የምለቅመው። ደግሞ ዲ7100 በአንድ ቻርጅ 950 ፎቶ ገደማ ያነሳል። መብራት እንደ ፈለገው በሚሄድበት ሰፈር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ያገለገለ ዲ7100 ፍለጋ ወጣሁ። የመጀመሪያው ሻጭ "ባለቤቱ ቤተሰቡን ብቻ ነበር የሚያነሳበት" ብሎ ማለልኝ። ኒኮን ሹተሩ (ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) ስንት ጊዜ እንደሠራ እያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ይመዘግባል። አንድ ፎቶ አንስቼ ወደ ስልኬ አስተላለፍኩና አየሁት፤ 138 ሺህ። ፋብሪካው ሹተሩን የፈተነው ለ150 ሺህ ነው። ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው!

ሁለተኛው 41 ሺህ ነበር። የመጨበጫው ላስቲክ በአንድ ጎን ተላጧል፣ ግድ አልሰጠኝም። የሌንሱን ቀዳዳ ወደ 16 አጥብቤ ሰማይ አነሳሁ። ሴንሰሩ ላይ ሁለት ነጥብ ቆሻሻ ታየ፤ ይጸዳል። ሜኑው ላይ የባትሪ ዕድሜ የሚያሳይ ቦታ አለ፣ ከ0 (አዲስ) እስከ 4 (ያረጀ)። የዚህኛው 3 ይላል። አዲስ ባትሪ የሚገዛበትን ብር ከዋጋው አስቀነስኩ። ሰውዬው "አንቺ ደላላ ነሽ እንዴ?" አለኝ። በሕይወቴ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

ክርስትናው ዕለት ሌላ ጣጣ መጣ። በዲ7100 ሴንሰር ላይ 50 ሚሊ ሜትር እንደ 75 ነው የሚያሳየው፤ አቅርቦ፣ አጥብቦ ማለት ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው። ግድግዳው ላይ ተለጥፌ፣ የአንዲት እናት ጋቢ ግማሽ ፊቴን ሸፍኖኝ ነው ያነሳሁት። መጀመሪያዎቹ አሥር ፎቶዎች ላይ ጥርት ብሎ የወጣው የክርስትና እናቷ የነጠላ ጥለት ነው፣ ሕፃኗ ደብዝዛለች። 1.8 ላይ ጥርት የሚለው ቦታ በጣም ቀጭን ነው። የፎከስ ነጥቡን አንድ ብቻ አደረግኩና ዓይኗ ላይ ጣልኩት። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 3200። ማተቡ ሲታሰርላት አፏን ከፍታ አዛጋች፤ የጧፉ ብርሃን ዓይኗ ውስጥ ቁጭ ብሏል። እሷን አገኘኋት።

ያንን ፎቶ አሳጥቤ ለጋሼ ወሰድኩለት። መነጽሩን ከፍ አድርጎ አፍንጫው ስር አስጠግቶ አየው። ስለ ልጅቷ ምንም አላለም።

"ጠርዙ ላይ ትንሽ ትለሰልሳለች። ድሮም እንደዚያው ናት" አለ። ቀጥሎ፣ "መቼ ነው የምትመልሻት?"

"ጋሼ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ" አልኩት።