ወደ ሌላ ቀን የዞረው ምርቃት

የምሠራው በአንድ የቻይናውያን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሰው ኃይል ክፍል ነው። አዲሱ የማምረቻ መስመር ሲያልቅ ኮሚቴው ምርቃቱን መስከረም 8 አደረገው። ከእንቁጣጣሽ በኋላ፣ ከመስቀል በፊት ስለሆነ ለሁሉም ይመቻል ተባለ። ካርዱ ሊታተም ሲል ግን የሼንያንግ ተወላጅ የሆኑት አንጋፋው የቴክኒክ ኃላፊ፣ ሙዚቃና ጭፈራ ካለ በዚያ ቀን እንደማይገኙ ተናገሩ። “ደግሞ ለቀን!” ብሎ ያጉረመረመም ነበር።

ምሳ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩና “ኢንጂነር፣ ቀኑ ምን ሆኖ ነው?” አልኳቸው።

ሴፕቴምበር 18 ነው አሉኝ። በ1931 እ.ኤ.አ. በዚያች ሌሊት የጃፓን ጦር ሼንያንግ አጠገብ የባቡር ሐዲድ ራሱ አፈንድቶ በቻይናውያን አሳበበ፤ በዚያ ሰበብም የቻይናን ሰሜን ምሥራቅ፣ ማንቹሪያን፣ ያዘ። ዛሬም ቀኑ ሲደርስ ከተማቸው ውስጥ ሳይረን ይጮኻል። እሳቸው ግን ቀኑን ያወቁት ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከአያታቸው ዘፈን ነው። ዣንግ ሃንሁዪ የተባለ መምህር በ1936 ሺአን ከተማ የተሰደዱትን የሰሜን ምሥራቅ ሰዎች አይቶ የደረሰው፣ ቀኑን በስሙ እየጠራ የሚያለቅስ ዘፈን ነው። አያታቸው ፊደል አልቆጠሩም።

ይህ ከአእምሮዬ ስላልወጣ ማንበብ ጀመርኩ። በ1937 ከጃፓን ጋር ሙሉ ጦርነት ሲነሳ አብዛኛው ቻይናዊ ማንበብ አይችልም ነበር። በማርች 1938 ሃንኮው ላይ የጸሐፍት የመከላከያ ማኅበር ተቋቋመና “ጽሑፍ ወደ ገጠር፣ ጽሑፍ ወደ ጦሩ” አለ። ማኅበሩን የመራው ላው ሸ ስመ ጥር ልብ ወለድ ደራሲ ሆኖ ሳለ፣ በከበሮ የሚተረኩ የሕዝብ ግጥሞችን መጻፍ ያዘ።

ከሁሉ የገረመኝ “ጅራፍህን ጣል” የሚባለው የጎዳና ተውኔት ነው። አንድ ሽማግሌ ልጁን ገበያ መሐል ያስጨፍራታል፤ በረሃብ ስትዝል በጅራፍ ይገርፋታል። ከተመልካቹ መሐል አንድ ወጣት ዘሎ ይገባና እንዲያቆም ይጮኽበታል። ወጣቱም ተዋናይ ነው። ልጅቷ ግን ለገራፊዋ ትከራከራለች፤ አባቷ ነው፣ ለዚህ ያበቃቸው ከማንቹሪያ ያፈናቀላቸው ወራሪ ነው። ከቀበሌው ወጥቶ የማያውቅ ገበሬ አይቶት የማያውቀውን አገር እንደ ራሱ ቁስል ያመመው በዚህ መንገድ ይመስለኛል። አገር የሚለው ስሜት በአዋጅ ብቻ አይተከልም።

ዋጋም አስከፍሏል። በ1942 የኮሚኒስቶቹ መሪ ማኦ በዋና ሰፈራቸው በዬናን ጽሑፍ ፖለቲካን ያገልግል ካለ በኋላ የግል ሐዘንን ብቻ ለሚጽፍ ደራሲ በሩ ጠበበ። ይህ ያሳዝነኛል።

ኢንጂነሩ “እናንተስ እንዲህ ያለ ቀን የላችሁም?” ብለው ጠየቁኝ። የ1929ኙን የካቲት 12 ነገርኳቸው። ቤጂንግ አጠገብ ሙሉ ጦርነቱ የተቀሰቀሰው በዚያው በእኛው 1929 ዓ.ም.፣ ሰኔ 30 ነው። ሁለታችንም ይህን ስንሰማ ምሳው ቀዝቅዞ ነበር።

ለኮሚቴው ሁሉንም አስረዳሁ፤ ምርቃቱ ወደ መስከረም 12 ዞረ። ከዚያ ወዲህ ዓመታዊ ዕቅድ ስናወጣ ድግስ የማይደረግባቸውን ቀኖች አስቀድመን ከሁለቱም ወገን ሠራተኞች እንጠይቃለን።