«የሥራ ልምድ፦ የለም»

ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ የግል ድርጅት ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ በ0 ዓመት የሥራ ልምድ ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። ከገቡት ሲቪዎች በአንዱ ላይ «የሥራ ልምድ» ከሚለው ርዕስ ሥር የሰፈረው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «የለም»። አመልካቿ ውጤቷ ጥሩ ስለነበር ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። «ክረምት ክረምት ምን ትሠሪ ነበር?» ስትባል፣ ፍኖተ ሰላም ባለው የቤተሰቧ የእህል መደብር የዱቤ መዝገቡን የምትይዘው እሷ መሆኗን ተናገረች። በገበያ ቀን የገባውንና የወጣውን ጤፍና በቆሎ በኩንታል እየመዘገበች፣ ማታ መዝገቡን በእጅ ካለው ብር ጋር ታስታርቃለች። ድርጅቱ የሚፈልገው ሥራ ይኸው ነበር። ውጤቷ ጥቂት ዝቅ ቢል ኖሮ ግን ይህን የሚጠይቃት አታገኝም ነበር፤ ማጣሪያ ላይ የሚታየው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ደመወዝ ያልተከፈለበት ሥራ ሲቪ ላይ ቦታ አለው። ርዕሱ ግን «የሥራ ልምድ» አይሁን። በዚያ ርዕስ ሥር የተጻፈውን ነገር ቀጣሪ ማስረጃ አምጡ ይላል፤ ብዙ ማስታወቂያዎችም ከግል ድርጅት የሚቀርብ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት እንዲሆን ይጠይቃሉ። ያ ከሌለ እውነተኛው ሥራ ሐሰት ይመስላል። «የተግባር ልምምድና አገልግሎት» ብላችሁ ከትምህርት ዝግጅት ቀጥሎ አስገቡት።

«በቤተሰብ ንግድ እረዳ ነበር» የሚል መስመር ለአንባቢው ምንም አይነግረውም። የተሠራው፣ መጠኑና ጊዜው ይግባበት፦ «የቤተሰብ እህል መደብር፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሐምሌና ነሐሴ 2015 እና 2016 ዓ.ም.፦ የ40 ደንበኞችን የዱቤ ሒሳብ መያዝ፤ ገቢና ወጪ እህል በኩንታል መመዝገብ፤ ጥሬ ገንዘብን በየዕለቱ ከመዝገብ ጋር ማስታረቅ»። ቁጥሩ ስትጠየቁ ልታስረዱት የምትችሉት ይሁን። «የሒሳብ ኃላፊ» የሚል ማዕረግ ለራሳችሁ አትስጡ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ማዕረጉ ይሆንና ቃለ መጠይቁ እዚያው ይበላሻል።

የኢንተርንሺፕ ጊዜም እንዲሁ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም ብቻ ጽፎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ የትኛው ክፍል፣ ስንት ሳምንት፣ የትኛውን ሰነድ እንደነካችሁ ካልተጻፈ ግን ዋጋ የለውም። የመመረቂያ ጥናት በቡድን ከተሠራ የእናንተን ድርሻ ለዩ፦ መጠይቁን ያዘጋጃችሁት ናችሁ ወይስ መረጃውን ወደ ኮምፒውተር ያስገባችሁት? የክረምት በጎ ፈቃድ ማጠናከሪያ ትምህርት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ገንዘብ ያዥነት፣ የክፍል ተወካይነት ሁሉም ይገባሉ፤ ነገር ግን ከማስታወቂያው ጋር የሚገናኙት ብቻ። ሁሉን መደርደር ጠቃሚውን ይደብቀዋል። አንድ ገጽ ይበቃል።

«ኤክሴል በሚገባ እችላለሁ» ከማለት በእሱ ምን እንደምትሠሩ ጻፉ፤ «ፒቮት ቴብል» (መረጃን ጠቅልሎ የሚያሳይ ሠንጠረዥ) ብላችሁ ከጻፋችሁ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው ሊያሠሯችሁ ይችላሉ።

ብዙ ልጆችን የሚጎዳው ዓመተ ምሕረት ነው። ሲቪው በእንግሊዝኛ ሲጻፍ «2016» ብሎ መተው፣ ለአንባቢው ከተመረቁ ብዙ ዓመት ያለፋቸው ያስመስላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው ጊዜ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ላለው 8 ደምሩ፤ ሐምሌ 2016 ጁላይ 2024 ነው። በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ስምም ከቴምፖው (ከጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃው) ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፤ በአንድ ፊደል ልዩነት ሰነድ ሲመረመር ጣጣ የገጠማቸው አሉ።

ሲቪውን ኮምፒውተር ቤት የምታስጽፉ ከሆነ ከማተማችሁ በፊት እያንዳንዱን መስመር አንብቡ። ጸሐፊው የቀድሞ ደንበኛውን ፋይል ከፍቶ ስም ስለሚቀይር፣ የሌላ ሰው ዓላማና የሌላ ሰው ምስክሮች ስልክ ሳይነካ ይቀራል። የሃይማኖትና የጋብቻ ሁኔታ መስመሮችም በዚሁ መንገድ የሚገቡ ናቸው፤ ማስታወቂያው ካልጠየቀ ይውጡ።

ለምስክርነት አማካሪ መምህራችሁን፣ ኢንተርንሺፕ የተቆጣጠራችሁን ሰው አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ለቤተሰብ ሱቅ ሥራ አባት ምስክር አይሆንም። ከመደብሩ ጋር የሚነግድ፣ ሒሳቡን ከእናንተ ጋር የተሳሰበ ደንበኛ ይሻላል፤ ስልኩን ከመጻፋችሁ በፊት ደውላችሁ ምን ሥራ ላይ እንዳመለከታችሁ ንገሩት።